ከመካከል ያፈነገጠ ባዕድ አዮንን በቅዝቃዜ በሚሰጠው ብርሃን መለየት

በፖታሲየም ክሎራይድ ክሪስታል ውስጥ አንድ የፖታሲየም አዮን ወጥቶ በምትኩ አንድ ኤሌክትሮን ያጣ የመዳብ አዮን ሲገባ፣ ቦታው ለገባው አዮን እጅግ ይሰፋዋል፤ የፖታሲየሙ ሬዲየስ 1.38 አንግስትሮም ሲሆን የመዳቡ 0.77 ብቻ ነው። ስለዚህ መዳቡ መካከል ላይ ከመቀመጥ ይልቅ በዙሪያው ካለው ኩብ ወደ አንዱ ማዕዘን ጠጋ ይላል፤ ማዕዘኖቹ ስምንት ስለሆኑም ስምንት እኩል ማረፊያዎች ይኖሩታል። በሶዲየም ክሎራይድ ውስጥ ግን ያው መዳብ መካከሉን አይለቅም። ከዚህ በታች የቀረበው፣ ሁለቱን ክሪስታሎች አቀዝቅዞ፣ አልትራቫዮሌት ሲያርፍባቸው በሚሰጡት ብርሃን የመለያ ዘዴ ነው። የተጻፈው ደብረ ብርሃን ላይ ለሚሠራ ሰው ነው፤ የከተማዋ ከፍታ ራሱ በልኬቱ ውስጥ ይገባልና።

መፈለግ ያለበት የብርሃኑ ቀለም ሳይሆን የብርሃኑ መጠን ከሙቀት ጋር የሚሄድበት አቅጣጫ ነው፤ አዮኑ ብዙ ሲውጥ ብዙ፣ ጥቂት ሲውጥ ጥቂት ብርሃን ይሰጣልና። አዮኑ በትክክል መካከል ላይ ሲሆን፣ ብርሃን የሚውጥበት የኤሌክትሮን ሽግግር በአቀማመጡ ተመጣጣኝነት (ግራና ቀኙ እኩል በመሆኑ) ምክንያት የተከለከለ ነው፤ ይህን ክልከላ የሚያላላው የክሪስታሉ ንዝረት ስለሆነ፣ ሙቀት ሲጨምር ብርሃን የመዋጥ ኃይሉም ይጨምራል። ያፈነገጠው አዮን ግን ተመጣጣኝነቱን አስቀድሞ ስላፈረሰው፣ በብርድ ጊዜም አጥብቆ ይውጣል፤ ሲሞቅ በማረፊያዎቹ መካከል መዘዋወር ስለሚጀምር ኃይሉ በመጀመሪያ ይቀንሳል።

ለዚህ ሥራ የመዳቡ መጠን ትንሽ፣ ክሪስታሉም ስስ መሆን አለበት። ናሙናው የመጣውን ብርሃን ሁሉ ውጦ የሚያስቀር ከሆነ፣ የመዋጥ ኃይሉ ቢጨምርም ቢቀንስም የሚወጣው ብርሃን ስለማይለወጥ ልኬቱ ከንቱ ይሆናል። መዳቡ ሲበዛ ደግሞ አዮኖቹ ጥንድ ጥንድ ይሆኑና ረዘም ባለ የሞገድ ርዝመት ሌላ ብርሃን ያወጣሉ። ጥንዶቹን ለመበተን ናሙናውን በታሸገ የኳርትዝ ቱቦ ውስጥ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ለጥቂት ደቂቃ አቆይተው፣ በቀዝቃዛ የመዳብ ዝርግ ላይ በማስቀመጥ በፍጥነት ያብርዱት፤ ፖታሲየም ክሎራይድ የሚቀልጠው 770 አካባቢ ስለሆነ ከዚያ በታች መቆየት ግድ ነው። ከዚያ ምላጭ ከክሪስታሉ ገጽ ጋር ትይዩ አድርገው ቀስ ብለው መታ ያድርጉት፤ በትክክል ከተያዘ ያለ ምንም ማለስለሻ እንደ መስታወት የጠራ ገጽ ይሰጣል። በክረምት ይህን ሥራ ባይሠሩት ይመረጣል። አንድ ነሐሴ ላይ መስኮት ከፍቼ የሰነጠቅሁትን ናሙና ጉሙ ከሰዓት በኋላ እንደ ወተት አደፍርሶት አግኝቻለሁ፤ እርጥበት መጣጭ ባለበት ዝግ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ነበረብኝ።

ፈሳሽ ናይትሮጅን በሰሜን ሸዋ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከብት የሚያዳቅሉ ቴክኒሻኖች የኮርማ የዘር ፈሳሽ የሚያቆዩት በእርሱ ነው። ነገር ግን መጻሕፍት የሚሰጡት የ77 ኬልቪን መፍያ ለባሕር ወለል ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች እንደሚፈላ ሁሉ ናይትሮጅኑም 75 ኬልቪን ሳይደርስ ይፈላል። ስለዚህ የቴርሞሜትሩን መነሻ ነጥብ 77 ላይ ማስተካከል ከሁለት ኬልቪን በላይ ያሳስታል። ፕላቲኒየም ቴርሞሜትሩ በናይትሮጅኑ ዕቃ ላይ ሳይሆን ናሙናው አጠገብ ይታሰር። ናሙናውን ከመዳብ መያዣው ጋር በስስ የቫክዩም ቅባት ያጣብቁት፤ ክራዮስታቱን (ናሙናው የሚቀዘቅዝበትን ዝግ ዕቃ) አየር አልባ ሳያደርጉ ናይትሮጅን አይጨምሩ፤ አለዚያ የኳርትዝ መስኮቱ ላይ በረዶ ይጋገራል። ብርዱ ቢከብድም የክፍሉ መስኮት ክፍት ይሁን፤ የሚተነው ናይትሮጅን ኦክሲጅኑን ያስወጣልና።

ለፖታሲየም ክሎራይዱ 265 ናኖ ሜትር አካባቢ፣ ለሶዲየም ክሎራይዱ 255 አካባቢ የሆነ አልትራቫዮሌት ይጠቀሙ፤ ተራ መስታወት ይህን ብርሃን ስለማያሳልፍ ሌንሱም ኳርትዝ መሆን አለበት። የሚወጣው ብርሃን የመጀመሪያው 400፣ ሁለተኛው 360 ናኖ ሜትር አቅራቢያ ይታያል። እኔ አንድ ጊዜ 530 ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ቀጭን ጫፍ አይቼ አዲስ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር፤ የ265ቱ ብርሃን በስፔክትሮሜትሩ ግሬቲንግ (ብርሃኑን በሞገድ ርዝመቱ በሚበትነው ጭረታማ ገጽ) ሁለተኛ እርከን፣ ማለትም በእጥፍ የሞገድ ርዝመት ቦታ መታየቱ ነው። አጭሩን ሞገድ የሚከለክል ማጣሪያ ከስፔክትሮሜትሩ በፊት ሲያስገቡ ይህ ይጠፋል።

ናይትሮጅኑ ካለቀ በኋላ ናሙናው በራሱ ቀስ ብሎ ሲሞቅ በየ10 ኬልቪኑ ያንብቡ፤ የመብራቱን ኃይልም ጎን ለጎን ይመዝግቡ። የብርሃኑ መቀነስ ብቻውን ማፈንገጥን አያስረዳም፤ ሙቀት ራሱ ብርሃኑን ሊያዳፍነው ይችላል። መዳፈን ከሆነ መብራቱ ድንገት ሲጠፋ ብርሃኑ የሚቆይበት ጊዜ አብሮ ያጥራል፤ ማይክሮ ሴኮንዶችን የሚለይ መለኪያ ካለ ይህን መፈተሽ ግዴታ ነው። ይህ ጊዜ ግን የሚናገረው ብርሃን ከዋጠ በኋላ ስላለው አዮን ስለሆነ፣ አዮኑ በእረፍቱ ጊዜ የት እንደነበረ ለመወሰን የሞገድ ርዝመቱን እየቀያየሩ የሚወሰደውን የመቀስቀሻ ስፔክትረም ማመን ይሻላል። በመጨረሻ ናሙናውን እንደገና አቀዝቅዘው የመጀመሪያውን ንባብ ይድገሙ፤ ቁጥሩ ካልተመለሰ ቅባቱ ተላቅቆ ሊሆን ይችላልና ልኬቱ ከመጀመሪያው ይጀመር።