እግራችሁን ለጠያቂ ብላችሁ አታውርዱ

የወደቅኩት ነሐሴ ላይ ነው። ደሴ በነሐሴ ምን እንደምትመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ቁልቁለቱ ሁሉ ጭቃ ነው። ቀኝ እግሬ አንሸራተተኝና ቁርጭምጭሚቴ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ብረትና ብሎን ገባለት። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ፒያሳ አካባቢ በእግር በሚረገጥ መኪና ነው የምሰፋው፤ እንጀራዬ እግሬ ላይ ነው ማለት ነው።

ኦፕሬሽኑ ሁለት ሰዓት አልፈጀም። ማገገሙ ግን ወራት ወሰደ። ያንን ጊዜ እንዴት እንደምታሳልፉት ከሐኪም ቤት ስትወጡ በደንብ የሚነግራችሁ ላታገኙ ትችላላችሁና ያየሁትን ልንገራችሁ። የእያንዳንዱ ሰው ስብራት ይለያያል። መቼ እንደምትረግጡ የሚወስነው ያከማችሁ ሐኪም ነው፤ እኔ የምነግራችሁ ቤት ውስጥ ያለውን ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትልቁ ጠላት እብጠት ነው። እግሩ ካበጠ ቁስሉ ይወጠራል፣ ስፌቱ አይገጥምም፣ ሕመሙም ይብሳል። መድኃኒቱ እግርን ከደረት ከፍ አድርጎ መተኛት ነው። በርጩማ ላይ ማሳረፍ አይበቃም። እኔ ሁለት ትራስ ደርድሬ በላዩ የታጠፈ ብርድ ልብስ አደርግ ነበር። ተረከዙን ግን ትራሱ ላይ አትጫኑት፤ ትራሱ ባቱን ይያዝ፣ ተረከዙ ነፃ ይሁን። አለበለዚያ ተረከዙ ሌላ ቁስል ያወጣል።

ይህን ማወቅ ቀላል ነው። የሚከብደው ይሉኝታው ነው። የወሎ ሰው ደግሞ ጠያቂ ነው። አንዱ «አላህ አፊያ ያድርግህ» ብሎ ሲወጣ ሌላዋ «እግዜር ይማርህ» ብላ ትገባለች። ደስ ይላል፣ ያጽናናል። ግን አባት የሚሆን ሽማግሌ ፊት እግር ዘርግቶ መተኛት እንዴት ይቻላል? እኔ አልቻልኩም። ሰው በገባ ቁጥር እግሬን አውርጄ ቁጭ እል ነበር። ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ እግሬ እንደ ድንች ያብጣል።

ይባስ ብሎ በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤት ሞተ። ለቅሶ ሳልደርስ ብቀር ሰው ምን ይለኛል አልኩና በባጃጅ ሄድኩ። ድንኳን ውስጥ ሦስት ሰዓት እግሬን አንጠልጥዬ ተቀመጥኩ። ማታ ፋሻው እርጥብ ነበር። ስፌቱ ጫፉ ላይ ተከፍቶ ውሃ የመሰለ ነገር ያወጣ ጀመር። በሁለት ሳምንት ሊወጣልኝ የነበረው ስፌት አንድ ወር ሊሞላው ሲል ነው የወጣው። የሟች ልጅ ቆይቶ ሊጠይቀኝ መጣና «ማን ና አለህ? እኛ እኮ እናውቅ ነበር» አለኝ። ይሄ አባባሉ እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። አልጋችሁን ሳሎን አውጡት። ጠያቂ ሲመጣ ተኝታችሁ ተቀበሉ። «ሐኪም እግሩን እንዳያወርድ አዝዟል» የሚልላችሁ ሰው ከቤት ይመደብ፤ እናንተ አትናገሩ። የኛ ቤት ይህን ሥራ ባለቤቴ ያዘችው። ሽማግሌዎቹም «አብሽር፣ ተኛ» ከማለት በቀር ቅር ያለው አላየሁም።

ሁለተኛው ጭንቀት ሽንት ቤት ነው። የኛ ግቢ ውስጥ ነው፣ ቁጢጥ ተብሎ የሚጠቀሙበት። በአንድ እግር ቁጢጥ ማለት አይታሰብም። አናጺ የእንጨት ወንበር መሃሉን ቀዶ ሰጠን፤ ቀዳዳው ላይ አስቀመጥነው። ለሌሊት ፖፖ ነበረኝ። በጨለማ በክራንች ግቢ ማቋረጥ ሌላ ስብራት መጥራት ነው። ይህንን ከሆስፒታል ሳትወጡ በፊት አስጨርሱት።

ክራንቹን አስለኩት። ጫፉ ከብብታችሁ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ይበል። ክብደታችሁን በመዳፋችሁ ያዙ እንጂ በብብታችሁ አትንጠልጠሉ፤ እጅ ያደነዝዛል። የታችኛው ጎማ ካለቀ ቶሎ ቀይሩ፣ ጭቃ ሲነካው ጥረጉ። ደረጃ ስትወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም። ስትወርዱ ክራንቹና የታመመው እግር ይቅደሙ። ቆይቶ አንድ ክራንች ብቻ ሲፈቀድላችሁ ደግሞ ከታመመው እግር በተቃራኒ እጅ ያዙት። ብዙ ሰው በታመመው በኩል ይይዛል፤ ስህተት ነው።

ጀሶው ውሃ እንዳይነካው ስትታጠቡ በፌስታል ጠቅልላችሁ እሰሩት። ለውዱእ እኔ ጀሶው ላይ በእርጥብ እጅ አብስ ነበር፤ ሶላቴንም ወንበር ላይ ሆኜ ሰገድኩ። ውስጡ ሲያሳክካችሁ ሽቦ ወይም እንጨት አትክተቱ። ቆዳው ከተላጠ ጀሶ ውስጥ ሆኖ ሲያመረቅዝ አታዩትም።

ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ የሚያስሮጡ ነገሮች አሉ። ትኩሳት፣ መግል፣ ሽታ፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት። የእግር ጣቶች መደንዘዝ፣ መቀዝቀዝ ወይም መገርጣት። ባት ማበጥና መጠዝጠዝ ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ በሌሊትም ቢሆን ሂዱ። እግር ሲወርድ ወይን ጠጅ መልክ መያዙ፣ ሲነሳ ግን መመለሱ ያጋጥማል፤ እኔን ግን አስደንግጦኝ ነበር።

ወጌሻን በተመለከተ፦ አንድ ጎረቤታችን በመልካም ልብ ወጌሻ ይዞልኝ መጣ። ሰውየውን አከብራለሁ፤ ቡና ጠጥቶ ሄደ። እግሬን ግን አላስነካሁም። በብሎን የተያዘ አጥንት አይታሽም፣ አይጎተትም። ሲጋራ የምታጨሱም ቢያንስ እስኪድን ተዉት፤ አጥንት መግጠሙን ያዘገየዋል። ጫት ደግሞ ምግብና እንቅልፍ ይዘጋል፤ ገላ የሚጠገነው በሁለቱ ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር፣ የጤፍ እንጀራ ብሉ።

በስድስተኛው ሳምንት ራጅ ተነሳሁና ጀሶው ወለቀ። ባቴ ከግራው በግማሽ ያነሰ መሰለኝ፤ ቁርጭምጭሚቴ እንደ ዛገ ማጠፊያ ደርቋል። ፊዚዮቴራፒ ያሳየችኝ ልጅ በአውራ ጣቴ አየር ላይ ፊደል እንድጽፍ አዘዘችኝ። ከሀ ጀመርኩ። «ለ»ን ስጽፍ ጉልበቴ አብሮ ይሄዳል፤ «ጉልበቱን ያዘው፣ ቁርጭምጭሚቱ ይጻፍ» ትለኛለች። በመጀመሪያው ቀን ከ«መ» አላለፍኩም። በሳምንቱ «ፐ» ደረስኩ። ከዚያ ነጠላ በእግሬ መዳፍ አዙሬ፣ ጉልበቴን ዘርግቼ ወደ ራሴ እስብ ነበር፤ ሠላሳ እየቆጠርኩ። ሱቄ ወለል ላይ የወደቀ ቁራጭ ጨርቅ በእግር ጣቶቼ ማንሳት ቀጠልኩ። ቁልፍ ማንሳት ስችል አለቀስኩ።

መርገጥ ሲፈቀድልኝ እህቴ ዘንድ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የደሴ ዳገት መራመድ ለሚማር እግር አይሆንም። ኮምቦልቻ ሜዳው ይሻላል፣ ይሞቃልም። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከኋላ ወንበር እግሬን ዘርግቼ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወረድን። ጠዋት ጠዋት በእህቴ ሰፈር ከአንድ መብራት እንጨት እስከሚቀጥለው እሄዳለሁ። በነጋታው እብጠቱ ካልጨመረ አንድ እንጨት እጨምራለሁ። ከጨመረ እቀንሳለሁ። ሐኪሙ ከነገረኝ ቀጥሎ መለኪያዬ ይሄ ብቻ ነበር።

ኅዳር ላይ መኪናዬ ጋ ተመለስኩ። መርገጫው ላይ ቀኝ እግሬን አስቀመጥኩ። መጀመሪያ ያለ ክር ረገጥኩ። ጣት፣ ተረከዝ፣ ጣት፣ ተረከዝ። ጎማው ዞረና መሃል ላይ ቆመ፤ ተረከዜ ሙሉ አልወርድ ብሎ። ግራውን አጋዥ አድርጌ አሥር ደቂቃ ሠራሁና አቆምኩ። በቀን አምስት አምስት ደቂቃ ጨመርኩ። ታህሳስ ሲያልቅ ሙሉ ሱሪ ሰፋሁ።

አሁንም ማታ ማታ ያብጣል። እብጠቱ እስከ ዓመት ሊቆይ እንደሚችል ተነግሮኛል። ከሥራ ስመለስ ግማሽ ሰዓት እግሬን ግድግዳ ላይ አሳርፌ እተኛለሁ፤ ሰው ቢመጣም አላወርደውም። ጫማ የምትገዙም ከሰዓት በኋላ፣ እግራችሁ ሲያብጥ ሂዱ፤ ጠዋት የለካችሁት ማታ ይጠብባችኋል።