ሪፍሌክሽናችሁን ከትዝታ አትጀምሩ

የማስተርስ ትምህርቴን የመጀመሪያ ኮርስ ስጨርስ የጻፍኩት ሪፍሌክሽን፣ ማለትም ከኮርሱ ምን እንደተማርኩና ምን እንደለወጠኝ ራሴን የምመረምርበት ጽሑፍ፣ ሦስት ገጽ ነበር። ሦስቱም ገጽ ምስጋና ነው። ኮርሱ ግሩም ነበር፣ ብዙ እውቀት ቀሰምኩ፣ አመለካከቴ ሰፋ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ጠርዙ ላይ በእርሳስ አንድ መስመር ተጽፎበታል፦ «ይህን ኮርሱን ያልተማረ ሰውም ሊጽፈው ይችላል።»

ተናደድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ። ከዚያ ደግሜ ሳነበው፣ እውነትም የእኔ የሆነ አንድም ነገር የለበትም። የኮርሱን ስም ቀይሬ ለሌላ ኮርስ ባስረክበው ማንም አያውቅብኝም ነበር።

አሁን ስድስተኛዬን ጽፌ ጨርሻለሁ። እንደ እኔ ቀን እያስተማራችሁ ማታ የምትማሩ ከሆነ፣ የደረስኩበትን መንገድ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ ባዶ ገጽ ፊት ተቀምጣችሁ «ምን ተማርኩ?» አትበሉ። የሚመጣላችሁ የኮርሱ ማውጫ ነው። ጥፋቱ የስንፍና አይደለም። ሰው አንድን ነገር ካወቀ በኋላ ሳያውቀው የነበረበትን ጊዜ ማስታወስ ይቸግረዋል። ባሩክ ፊሽሆፍ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ይህን በሙከራ አሳይቷል፦ የአንድን ነገር መጨረሻ የተነገራቸው ሰዎች፣ ባይነገራቸውም ይገምቱት እንደነበር ይመስላቸዋል። የኮርስ መጨረሻ ላይ ያለን ተማሪም እንደዚያው ነው። «ይሄንንማ ድሮም አውቀው ነበር» እንላለን።

ስለዚህ አንድ ምሽት መድቡና አሮጌ ወረቀት ቆፍሩ። የመጀመሪያውን ሳምንት ማስታወሻ፣ የመጀመሪያውን አሳይመንት ረቂቅ፣ ከፕሬዘንቴሽኑ በፊት በነበረው ሌሊት በስልክ የተላላካችሁትን መልእክት ሳይቀር። የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ ዛሬ ስታነቡት የሚያሳፍራችሁ ዓረፍተ ነገር።

የእኔ ከምዘና ኮርስ የተገኘ ነው። የመጀመሪያው ቀን መምህራችን «ተማሪዎቻችሁ ትምህርቱ እንደገባቸው በምን ታውቃላችሁ?» ብለው ወረቀት ላይ አስጻፉን። እኔ ምን ብዬ ልጻፍ? «ጥያቄ ያለው? እላለሁ። ዝም ካሉ ገብቷቸዋል።» 11 ዓመት ሒሳብ ካስተማርኩ በኋላ! ወረቀቱን ባላገኘው ኖሮ እንዲህ አስቤ አላውቅም ብዬ እምል ነበር።

እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ካገኛችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ። የሚቀረው ያንን ሐሳብ ምን እንደሰበረው መጻፍ ነው፤ አንድ ቀን፣ አንድ ክፍለ ጊዜ፣ አንድ ክርክር። አምስት ገጠመኝ አትደርድሩ።

በአምስተኛው ሳምንት ለሰባተኛ ክፍል የክፍልፋይ ማካፈልን አስተማርኩ። ጥያቄ ያለው? ዝም። በኮርሱ እንድንሞክር ታዘን ስለነበር ከመውጣታቸው በፊት ቁራጭ ወረቀት አደልኩ፦ ግማሽን ለሩብ አካፍሉ፣ መልሱን በሥዕል አሳዩ። ከ43ቱ አብዛኞቹ 2 ብለው በትክክል መልሰዋል፤ ገልብጦ ማባዛቱን ያውቁበታል። ሥዕሉን በትክክል የሣሉት ግን ስድስት ብቻ ናቸው። ብዙዎቹ ሩቡን ለሁለት ከፍለው አንድ ስምንተኛ ሥለዋል፣ አጠገቡም 2 ብለው ጽፈዋል። አንዱም ልጅ ሁለቱ እንደማይገናኙ አልከነከነውም።

ሪፍሌክሽኑ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ጎበዝ መምህር ሆኜ እወጣለኋ። ግን ረቂቁን ስጽፍ ከንባቦቻችን አንዱን ደግሜ አየሁ። የትምህርት ምዘና ተመራማሪዎቹ ፖል ብላክ እና ዲላን ዊልያም እ.ኤ.አ. በ1998 የጻፉት ነው። ከተማሪ የተሰበሰበ መረጃ ማስተማሩን ካልቀየረ ለመማር የሚያግዝ ምዘና አይባልም ይላሉ። እኔስ ወረቀቶቹን ምን አደረግኳቸው? መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው። በማግስቱ ዓመታዊ ዕቅዱ ስለሚያሯሩጠኝ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ አለፍኩ። ይህን የተገነዘብኩት ስጽፍ ነው፣ በኮርሱ ጊዜ አይደለም። ንባብ የሚጠቀሰው ለዚህ ነው እንጂ ገጹን ለማስዋብ አይደለም። የሚሞግታችሁን አንድ ምረጡ።

ቅርጹን በተመለከተ ብዙ አትጨነቁ። መምህሩ የጊብስን ዑደት (ሪፍሌክሽን በደረጃ የሚጻፍበትን ቅርጽ) ካዘዘ ስድስቱ ደረጃዎች የታወቁ ናቸው፦ የሆነው ነገር፣ ስሜት፣ ግምገማ፣ ትንተና፣ መደምደሚያ፣ የተግባር ዕቅድ። ካላዘዘ «ምን ሆነ? ታዲያ ምን ይሁን? አሁንስ?» የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። አደጋው ሁላችንም የሆነውን በመተረክ ገጹን መጨረሳችን ነው። እኔ ከ1,000 ቃል ለትረካው ከ200 በላይ አልሰጥም። ስሜት ላይ ደግሞ «ደስ ብሎኛል» ብሎ ማለፍ የለም። እኔ አፍሬ ነበር። በልጆቹ አይደለም፣ ቆጥሬ በማላውቃቸው ያለፉ ክፍሎቼ።

ስለ ግሩፕ ወርክ ስትጽፉ የሰው ስም አታንሱ፣ ወቀሳም ይቅርባችሁ። የራሳችሁን ድርሻ ፈልጉ። እኔ በመጀመሪያው ረቂቅ «ሥራው ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ» ብዬ ነበር። መልእክቶቻችንን ሳያቸው ግን ሦስት ጊዜ «ተዉት እኔ እሠራዋለሁ» ብያለሁ። ማን ጫነብኝ?

ያልተዋጠላችሁን ነገርም ጻፉ። ተማሪዎች እርስ በርስ ማርክ ይስጣጡ የሚለውን ሐሳብ እስከ ዛሬ አልተቀበልኩትም፤ ምክንያቴን በአንድ አንቀጽ አስቀመጥኩ። ነጥብ አልተቀነሰብኝም።

የተግባር ዕቅድ ላይ «ወደፊት ተማሪን ማዕከል ያደረገ ዘዴ እጠቀማለሁ» ካላችሁ ምንም አላላችሁም። ቀን፣ ክፍል፣ ደቂቃ ይኑረው። የእኔ እንዲህ ነበር፦ ሰኞ በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች አንድ ጥያቄ በወረቀት፤ ማታ አነባለሁ፤ ሐሙስ የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ለሳቱት ነገር። ጊዜው ከየት ይመጣል? የትኞቹን ሁለት ንዑስ ርዕሶች እንደማሳጥርም ጻፍኩ። ይቺ መስመር ከሁሉም ከበደችኝ።

ከማስረከባችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የኮርሱን ስም በሌላ ተኩና እያንዳንዱን አንቀጽ ፈትሹ። ተቀይሮም የሚያስኬድ አንቀጽ ካለ አውጡት። የእኔ በዚህ ፈተና ከአራት ገጽ ወደ ሁለት ተኩል ወርዷል።

የዚያችን የመጀመሪያ ቀን ወረቀት ኮፒ ከኋላ አያይዤ አስረከብኩ። ሲመለስልኝ እንደ በፊቱ ጠርዙ ላይ በእርሳስ አንድ መስመር አለ፦ «ሐሙስ ልጆቹ ምን ሣሉ?»