የሠፈር ስፖርት ክለቦች በመጠጥ አያያዝ ረገድ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአውስትራሊያ የሠፈር እግር ኳስና ክሪኬት ክለቦች ውስጥ ጨዋታ ካለቀ በኋላ በክለቡ ቤት ተሰብስቦ ቢራ መጠጣት ሥር የሰደደ ልማድ ነው። በሜልበርንና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም ልጆቻቸውን ወደነዚህ ክለቦች ይልካሉ፤ በኮሚቴ ተመርጠው የሚያገለግሉም አሉ። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች በዋናነት እነዚህን የኮሚቴ አባላት የሚመለከቱ ናቸው።

የመጀመሪያውና የሌሎቹ ሁሉ ምንጭ የሆነው ስህተት፣ መጠጥን የግለሰቡ የራሱ ጉዳይ አድርጎ መተው ነው። «አዋቂ ሰው ልኩን ያውቃል» የሚለው አነጋገር ለኮሚቴው ይመቻል፤ ነገር ግን ሰው ምን ያህል እንደሚጠጣ በአብዛኛው የሚወስኑት ዋጋው፣ ሰዓቱ፣ የምግቡ መኖር አለመኖርና የአስተናጋጁ ሥልጠና ሲሆኑ፣ አራቱም በኮሚቴው እጅ ናቸው። በ2000 እ.ኤ.አ. በቪክቶሪያ ግዛት ተጀምሮ ዛሬ ከ10 ሺህ በላይ ክለቦችን ያቀፈው «ጉድ ስፖርትስ» የተባለ ፕሮግራም የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። በኒው ሳውዝ ዌልስ በ88 የእግር ኳስ ክለቦች ተካሂዶ በ2015 የታተመ የሙከራ ጥናት እንዳሳየው፣ አሠራራቸውን እንዲያሻሽሉ በተደገፉ ክለቦች ውስጥ ለአደጋ በሚያጋልጥ መጠን የሚጠጡ አባላት 19 በመቶ ሲሆኑ፣ ድጋፉን ባላገኙት 24 በመቶ ነበሩ።

ሁለተኛው ስህተት ቢራን ሽልማት ማድረግ ነው። የዕለቱ ኮከብ ተጫዋች 24 ጣሳ የያዘ ካርቶን ተሸክሞ ፎቶ ሲነሣ፣ ዙሪያውን የቆሙት ታዳጊዎች ጎበዝ ሰው የሚሸለመው መጠጥ መሆኑን ያያሉ። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ለአንድ ሰዓት ያህል ዋጋ መቀነስና የመጠጣት ውድድር ማካሄድ ነው፤ ሁለቱም ሰውን በአጭር ጊዜ ብዙ እንዲጠጣ ያደርጋሉ። ገንዘብ ያዡ የክለቡ ገቢ ከባር እንደሚመጣ እያስታወሰ ሊቃወም ይችላል፤ ስጋቱም እውነት ስለሆነ በቀላሉ መታለፍ የለበትም። ሆኖም የክለቡ ሕልውና አባላቱ አብዝተው በመጠጣታቸው ላይ ከተንጠለጠለ፣ መፍትሔው የገቢውን ምንጭ ማስፋት እንጂ ልማዱን መንከባከብ አይደለም። መጠጥ የሌለበት ምሽት መላው ቤተሰብ የሚታደምበት ስለሚሆን፣ ጥሩ ምግብ ከቀረበበት ከእራትና ከዕጣ ሽያጭ ገቢ ማግኘት ይቻላል።

ልኬትን አለማወቅም ብዙዎችን ያሳስታል። በአውስትራሊያ አንድ መደበኛ መጠጥ ማለት 10 ግራም ንጹሕ አልኮል የያዘ ሲሆን፣ የ2020 የጤና መመሪያ ጤነኛ አዋቂ ሰው በአንድ ቀን ከ4፣ በሳምንት ደግሞ ከ10 መደበኛ መጠጥ እንዳያልፍ ይመክራል። ነገር ግን ተራው 375 ሚሊ ሊትር የቢራ ጣሳ አንድ ሳይሆን ወደ 1.4 መደበኛ መጠጥ ስለሚይዝ፣ «ሦስት ብቻ ነው የጠጣሁ» የሚለው ሰው ከአራት አልፏል። በእኛ ማኅበረሰብ ዝግጅቶች የሚቀርበው ጠጅ ደግሞ ጥንካሬው ከቤት ቤት ስለሚለያይና በብርሌው ላይ የተጻፈ መጠን ስለሌለ፣ ቆጥሮ መጠጣት ጨርሶ አይቻልም። ስለዚህ ክለቡ አልኮሉ 3.5 በመቶ ገደማ የሆነ ቢራና ለስላሳ መጠጥ በግልጽ በሚታይ ቦታ፣ ከጠንካራው በረከሰ ዋጋ ቢያቀርብ ብዙ ይጠቅማል። ውኃም በነጻ መቅረብ አለበት። ምግቡ መድረስ ያለበት ባሩ ሲከፈት ነው፤ ተጫዋቾች ተርበውና በላብ ውኃ አልቆባቸው ስለሚመጡ፣ ምሽቱ ከተጋመሰ በኋላ የሚወጣ ሳንድዊች ዘግይቷል።

ያልሠለጠነ ሰው ባር ላይ ማቆም ሌላው ስህተት ነው። የሰከረን ሰውና ከ18 ዓመት በታች ያለን ታዳጊ ማስተናገድ በሕግ ያስጠይቃል፤ ይሁን እንጂ ለታላቁ ወይም ለቀድሞ አሠልጣኙ «ይበቃዎታል» ማለት ለአንድ ወጣት በጎ ፈቃደኛ ከባድ ነው። በእኛ ዘንድ «በሞቴ፣ አንድ ብቻ» ተብሎ የቀረበን መጠጥ መግፋት እንደ ንቀት ስለሚቆጠር ችግሩ ይበረታል። ስለዚህ እምቢታው የግለሰብ ድፍረት ሳይሆን የክለቡ ደንብ እንዲሆን፣ ኮሚቴው ውሳኔውን አስቀድሞ ለአባላት ማሳወቅና በዕለቱ ከአስተናጋጁ ጎን የሚቆም፣ ራሱም የማይጠጣ አንድ የኮሚቴ አባል መመደብ ይገባዋል። የታዳጊዎች የሽልማት ዝግጅት እስኪያልቅም ባሩ ተዘግቶ ይቆይ።

የመጨረሻውና ሕይወት የሚያስከፍለው ስህተት ስለመጓጓዣ የሚታሰበው ሰው ቁልፉን ካነሣ በኋላ መሆኑ ነው። በቪክቶሪያ ሙሉ መንጃ ፈቃድ ላለው ሹፌር በደሙ ውስጥ ያለው አልኮል ከ0.05 በመቶ በታች መሆን ሲኖርበት፣ የሙከራ ጊዜ ፈቃድ የያዘ ግን ዜሮ መሆን አለበት፤ ብዙዎቹ ወጣት ተጫዋቾች ደግሞ ያሉት በዚሁ የሙከራ ጊዜ ውስጥ ነው። ለእነርሱ አንድ ጣሳም ይበዛል። ጉበት በሰዓት በአማካይ አንድ መደበኛ መጠጥ ገደማ ብቻ ስለሚያስወግድ፣ ቡና መጠጣትም ሆነ ፊትን በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ አያፈጥነውም። ባሩ ከመከፈቱ በፊት ማን ማንን እንደሚያደርስ በስም ይጻፍ፤ የታክሲ ስልክ ቁጥር በግድግዳው ላይ ይለጠፍ፤ መኪናቸውን ትተው ለሚሄዱም የክለቡ ግቢ ቁልፍ በማግሥቱ ጠዋት ከማን ዘንድ እንደሚገኝ በዚያው ምሽት ይነገራቸው።