የተበላ የጽጌረዳ ቅጠል ለመቁረጥ አትቸኩሉ

«መድኃኒት ስጠን» ብለው የተበሳ ቅጠል ይዘውልኝ የሚመጡ ደንበኞች ብዙ ናቸው። ችግኝ መሸጥ ከመጀመሬ በፊት ዝዋይ አካባቢ በአበባ እርሻ ተባይ እቃኝ ስለነበር፣ መልሴ ሁልጊዜ «መጀመሪያ ገልብጣችሁ እዩት» ነው።

የቅጠሉ ጠርዝ በመቀስ የተቆረጠ ይመስል ክብ ሆኖ ከጎደለ፣ ለጎጆዋ የወሰደችው ቅጠል ቆራጭ ንብ ናት፤ ተዉአት። ዳሩ ተሸርክቶ ጥቁር ኩስ ከተገኘበት አባጨጓሬ ነው። ማታ በባትሪ ፈልጋችሁ በእጅ ልቀሙት።

ቀዳዳው ተመልሶ አይሞላም። ተክሉ ግን ውኃ እንዳያፈስ የቁስሉን ጠርዝ አድርቆ ይዘጋል፤ ቡናማው መስመር እሱ ነው። በውስጥ ደግሞ ጃስሞኒክ አሲድ የተባለው ሆርሞን በአጭር ጊዜ ይጨምራል፤ መልእክቱም ወዳልተነኩት ቅጠሎች ይደርሳል። እነሱም የተባዩን ምግብ መፈጨት የሚያውኩ ንጥረ ነገሮች ማዘጋጀት ይጀምራሉ። ይህ ሁሉ ጉልበት ይፈልጋል፣ ጉልበቱም የሚገኘው ከቅጠል ነው። ስለዚህ ግማሹ ተበልቶ ግማሹ አረንጓዴ የሆነውን ቅጠል «አስቀያሚ ነው» ብሎ መቁረጥ ተክሉን ሁለተኛ ጊዜ መብላት ነው።

በዓይን ለማየት የሚያዳግተው ጥቃቅን ተባይ፣ ቀይ ሸረሪት፣ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከቅጠሉ ሥር ተቀምጦ ሕዋሶቹን እየወጋ አረንጓዴውን ይመጥጣል፤ ከላይ የምታዩት ደቃቅ ነጣ ያለ ነጥብ የተመጠጠው ቦታ ነው። ነጭ ወረቀት ዘርግታችሁ ቅጠሉን በላዩ ላይ መታ መታ አድርጉት። የወደቀው ነጥብ ከተንቀሳቀሰ ተገኘ። ጉዳቱ ሲበዛ ኤቲሊን የተባለው ሆርሞን የቅጠሉን አንገት ያላላና ቅጠሉ ይረግፋል። መርገፍ መሞት አይደለም፤ አትደንግጡ። በየሁለት በየሦስት ቀኑ ጠዋት ጠዋት የቅጠሉን የታች ገጽ በኃይለኛ ውኃ እጠቡ፤ ፈጽሞ የነጡትን የታች ቅጠሎች ብቻ አንሡ። በ30 ዲግሪ ሙቀት ከእንቁላል እስከ ጎልማሳ አንድ ሳምንት ገደማ ስለሚበቃው፣ አንድ ቀን አጥቦ መተው ዋጋ የለውም።

ያገኙትን ፀረ ተባይ የሚረጩ ሰዎች ያናድዱኛል። የተጠቃ ቅጠል የሚያወጣው ሽታ ቀይ ሸረሪትን የሚበሉ ጥቃቅን አዳኞችን ይስባል። በአበባ እርሻዎች ፋይቶሴዩለስ የተባለውን አዳኝ ሆን ተብሎ የሚለቁት ለዚሁ ነው። ያገኙትን መርጨት ተክሉ የጠራውን ረዳት ደጃፉ ላይ መግደል ነው።

እንቡጥ ላይ ክሽክሽ (ተሰብስቦ የተክል ፈሳሽ የሚመጥጥ ደቃቅ ተባይ) ከሰፈረ በጣት ጠርጋችሁ ዩሪያውን ቀንሱ፤ ናይትሮጅን የበዛበት ለስላሳ ቀንበጥ ይማርከዋል።

የቀንበጡ ጫፍ ከተበላስ? ጫፉ በሚያመነጨው ሆርሞን የጎን ቡቃያዎችን አፍኖ ይይዝ ነበር፤ አሁን ነጻ ወጥተዋል። አምስት ንኡስ ቅጠል ያለው ቅጠል ፈልጉ፤ በብብቱ፣ ማለትም ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ቦታ፣ ወደ ውጭ የሚያይ ቡቃያ ካለ ከእሱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ፣ በአልኮል በተጠረገ መቀስ አግድመት ቁረጡ። አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ያብባል፤ በደጋ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል።