ሐምሌ ላይ ድርቆሽ እንዴት እንዳደረቅኩ

ልጆቼ እንጀራ ያነሳሉ፣ ግማሹን ትተው ይሮጣሉ። በዚህ ክረምት የተረፈው አራተኛው ቀን ላይ ሻገተብኝ። ጤፍ በዚህ ዋጋ! አንጀቴ እርር አለ።

ቀጣዩን ትራፊ ሳይሻግት ደጅ አሰጣሁት፤ ሐምሌ ላይ ምን ፀሐይ አለ? እርጥብ እንደሆነ ውሎ ሸተተ።

መፍትሔው ምጣዱ ሆነ። አሁን በየሦስት ቀኑ ነው የምጋግረው። ስጨርስ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ከሶኬት እነቅላለሁ። ያለፈውን ትራፊ በጣት ስፋት ቆራርጬ ትኩሱ ምጣድ ላይ እበትነዋለሁ፤ ሳልከድን። አንዴ አገላብጠዋለሁ። ሲሰበር ቀጭ ካለ ደርቋል፤ ከታጠፈ ገና ነው። በደንብ ሲቀዘቅዝ ጣሳ ውስጥ እከድነዋለሁ። (የሻገተ ከሆነ ግን ማድረቅ አያድነውም፣ ይጣላል።)

ጠዋት በቲማቲም ቁሌት ፍርፍር ሆኖ ምሳ ዕቃ ውስጥ ይገባል። ትንሿ ደግሞ ደረቁን እንደ ቺፕስ ትቆረጥመዋለች። የብስኩት ጥያቄም ቀነሰልኝ።