ዋልያዎቹ በሌሉበት የዓለም ዋንጫ የሚደገፍ ቡድን እንዴት ይመረጣል?

ኢትዮጵያ በዓለም ዋንጫ ተሳትፋ አታውቅም። በጣም የተቃረብነው እ.ኤ.አ. በ2013 ነበር፤ በመጨረሻው የማጣሪያ ዙር ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋን ቀረን። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኳስ ማሳያ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሁሉ በየአራት ዓመቱ የሰው አገር ቡድን ይመርጣል። ያለ ቡድን ማየት ይቻላል የሚሉ አሉ። እኔም ሞክሬው ነበር፤ ከዕረፍት በፊት እንቅልፍ ወሰደኝ።

መጀመሪያ ማንጓለል ነው። እ.ኤ.አ. በ2026ቱ ውድድር 48 ቡድኖች ስላሉ ሦስት አራት እጩ እስኪቀር ድረስ አበጥሩ። ብዙዎቹን የሚጥለው የጨዋታ ሰዓት ነው። ውድድሩ ከሰኔ 4 እስከ ሐምሌ 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በካናዳና በሜክሲኮ ስለሚካሄድ አንዳንዱ ጨዋታ በእኛ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ሰኔ ደግሞ የእርሻ ወር ነው፤ ሌሊቱን ኳስ ሲያይ አድሮ ጠዋት በሬ የሚጠምድ ሰው ትልሙ ይጣመምበታል። እጩዎቻችሁ በምድብ ጨዋታ ስንት ሰዓት እንደሚገቡ አስቀድማችሁ እዩ።

ከምትወዱት የአውሮፓ ክለብ ኮከብ ተነሥቶ አገር መምረጥ አይረባም። ተጫዋቹ ይጎዳል፣ ያረጃል፤ እናንተ ከማታውቁት አገር ጋር ተፋጣችሁ ትቀራላችሁ። ጣሊያንን መደገፍ የሚያምራችሁ ካላችሁ ደግሞ የበላይ ዘለቀ አገር ሰዎች መሆናችሁን አስባችሁ ከአባቶች ጋር ምከሩ። እኔ እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም።

ቀጥሎ ምክንያት ያስፈልጋል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚነገር። እ.ኤ.አ. በ2012ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ቼክን ደግፌ ነበር። ምክንያቴ አባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነው ተከላካይ ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ ነው። ከማሊያው ጀርባ ላይ ያለውን ስም ያነበበ ማንም «ለምን?» ብሎ አልጠየቀኝም። ሩብ ፍጻሜ ላይ ፖርቱጋል 1 ለ 0 ስታሰናብታቸው ጎረቤቶቼ እንደ ዘመድ አጽናኑኝ።

አስቸጋሪው ምክንያቱ እውነተኛ መሆኑን ማወቅ ነው፤ እኔን የጣለኝም እዚህ ላይ ነው። በ2006 ዓ.ም. ክረምት «ዘንድሮ ዋንጫው የብራዚል ነው» ሲባል ሰምቼ ገበያ ወጣሁና ቢጫ ማሊያ ገዛሁ። ሐምሌ 1 ቀን ከምሽቱ 5 ሰዓት ከጀርመን ጋር ግማሽ ፍጻሜው ሲጀመር መሐል ላይ፣ ከስክሪኑ ፊት ለፊት ተቀምጬ ነበር። ጀርመን በስድስት ደቂቃ ውስጥ አራት ጎል ስታከታትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሦስተኛው ሲገባ ጋቢዬን እስከ ደረቴ፣ አምስተኛው ሲገባ እስከ አንገቴ ሳብኩት። 7 ለ 1 አልቆ በዝናብና በጭቃ ወደ ቤት ስሄድ ቢጫው እንዳይታይ ጋቢውን በሁለት እጄ ጨብጬ ነበር።

ግን ቤት ገብቼ እራቴን በላሁ። እንቅልፌንም ጥሩ አድርጌ ተኛሁ።

የገረመኝ ይሄ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በኃይሉ አሰፋ ናይጄሪያ ላይ ጎል ሲያገባ የማላውቀውን ሰው አቅፌ ዘልዬ፣ በ90ኛው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት ሲቆጠርብን ደግሞ ያ ሰው ትከሻዬን ይዞ ዝም ብሎ ቆመ። ያን ሌሊት አልተኛሁም። በብራዚል ሽንፈት የተሰማኝ እፍረት ብቻ ነበር፤ ሐዘን አልነበረበትም። የመረጥኩት አሸናፊነትን እንጂ ብራዚልን አልነበረማ።

ስለዚህ አሁን እጩዎቼን በሽንፈታቸው እፈትናለሁ። የድል ቪዲዮ አትዩ፤ ሲያሸንፍ የማያምር ቡድን የለም። እጩው የተሸነፈበትን መራራ ጨዋታ ፈልጋችሁ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ተመልከቱ። አንጀታችሁ ከተላወሰ ያዙት። እየሳቃችሁ ከሆነ ተዉት።

ይህን ፈተና ያገኘሁት ከጎረቤቴ ከልብስ ሰፊው ነው። ጋሼ ጋናን መደገፍ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2010 ከኡራጓይ ጋር በተደረገው ሩብ ፍጻሜ ነው። በጭማሪው ሰዓት ማብቂያ ላይ ሱዋሬዝ ወደ ጎል የሚገባውን ኳስ በእጁ መለሰ፤ አሳሞአ ጂያን ፍጹም ቅጣት ምቱን አግዳሚው ላይ መታው፤ ጋና በመለያ ምት ወደቀች። ከዚያ ሌሊት በፊት ጋሼ ጋና በየት በኩል እንደሆነች አያውቁም ነበር። ዛሬም የሱዋሬዝ ስም ሲነሣ የመኪናቸውን መርገጫ ያቆማሉ፤ ጨርቁ በመርፌው ሥር እንደተያዘ ይቀራል።

ሁለት ቡድን መያዝ አይቻልም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ቡድናችሁ ከወደቀ በኋላ ግን ወደ አፍሪካ ቡድን አንድ ጊዜ መዛወር ነውር የለውም። በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ ሞሮኮ ፖርቱጋልን 1 ለ 0 አሸንፋ ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ የግማሽ ፍጻሜ ተሳታፊ ስትሆን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ያልተዛወረ አልነበረም።

ማሊያ የምድብ ጨዋታ ሳያልቅ አትግዙ። ጄኔሬተር ያለው ቤት ምረጡ፤ በክረምት መብራት ባይጠፋ እንኳ ዝናቡ የዲሹን ምስል ይቆራርጠዋል። ስልካችሁን ዝጉ። ውጤቱ በስልክ ከምስሉ ቀድሞ ስለሚደርስ የጎሉን ደስታ ይሰርቃችኋል።

እኔ ለዘንድሮው የመረጥኩት ኬፕ ቨርዴን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈች፣ የሕዝቧ ቁጥር ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የሆነ ደሴታዊ አገር ናት፤ ምሥራቅ ጎጃም ብቻውን በብዙ እጥፍ ይበልጣታል። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በአፍሪካ ዋንጫ፣ ገና በጠዋቱ አንድ ሰው በቀይ ካርድ አጥተን፣ 1 ለ 0 ያሸነፈችን እሷ ናት፤ በዚያን ጊዜ አንጀቴን አቃጥላኛለች። ለጋሼ ስነግራቸው «አንተ ልጅ፣ ያሸነፈህን ትደግፋለህ?» ብለው ሳቁብኝ። ምድቡን አወጣሁላቸው፦ ስፔን፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኡራጓይ።

መርገጫውን አቆሙ። «ከኡራጓይ ጋር መቼ ነው?» አሉ።