ፈረንሳይ ውስጥ የምክር ቤት አባል ሆነው ተመርጠዋል? የሥልጠና ፈቃድ ከአሠሪዎ እንዴት እንደሚጠይቁ

ተመርጠው የማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት ገቡ እንበል። የመጀመሪያው በጀት ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ግን ቁጥሩ ሁሉ ግራ ያጋባል። አይፍሩ። የፈረንሳይ ሕግ ለተመራጭ ሥልጠናን መብት አድርጎታል። ተቀጥረው የሚሠሩ ከሆነ ለዚሁ ከሥራ የሚቀሩበት ፈቃድ አለዎት። ድሮ 6 ቀን ብቻ ነበር፤ የ2002 ሕግ ወደ 18 ቀን አሳደገው። ስለዚህ በአንድ የምርጫ ዘመን ቢያንስ 18 ቀን አለዎት። ሁለት ቦታ ቢመረጡም ግን ቀኑ እጥፍ አይሆንም።

መጀመሪያ አሠልጣኙን ያጣሩ። ከአገር ውስጥ ሚኒስቴር ለተመራጮች ሥልጠና እውቅና ያገኘ መሆን አለበት። አለዚያ ድካሙ ከንቱ ነው።

ቀጥሎ ደብዳቤ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አለቃን ሻይ ሰዓት ላይ በቃል ነግሮ ያበቃል። በጽሑፍ፣ ቢያንስ ከ30 ቀን በፊት ነው የሚጠየቀው። ቀኑን፣ የሚቀሩበትን ጊዜ ርዝመትና የአሠልጣኙን ስም ይጻፉ። ለምሳሌ ሥልጠናው ጁን 15 የሚጀምር ከሆነ ደብዳቤው ቢዘገይ ሜይ 16 አሠሪው እጅ ይግባ። የተቀበሉበትን ማረጋገጫ ይያዙ። የግል አሠሪ ከሆነና ሥልጠናው 15 ቀን እስኪቀረው መልስ ካልሰጠ፣ ዝምታው እንደ ፈቃድ ይቆጠራል።

እምቢ ቢልስ? ይችላል፤ ግን እንዲያው በደፈናው አይደለም። የሠራተኛ ተወካዮችን አማክሮ፣ መቅረትዎ ሥራውን እንደሚጎዳ ምክንያቱን መግለጽ አለበት። ክልከላው ከደረሰዎት 4 ወር ሲሞላ እንደገና ይጠይቁ። ያኔ መከልከል አይችልም።

ገንዘቡስ? በእነዚህ ቀናት አሠሪዎ ደሞዝ የመክፈል ግዴታ የለበትም። የቀረብዎትን ገቢ በሕግ እስከተወሰነው ጣሪያ ድረስ የሚያካክሰው ማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ የሥልጠናውን ክፍያና የጉዞ ወጪውንም ይሸፍናል። ለተመራጮች ሊከፈል ከሚችለው አጠቃላይ አበል ቢያንስ 2 በመቶ የሚያህል ገንዘብ ለሥልጠና መያዝ አለበት። "በጀት የለንም" ካሉዎት ይህን ቁጥር ያንሱላቸው። ከዚህ ሌላ በየዓመቱ 400 ዩሮ የሚገባበት የራስዎ የሥልጠና ሒሳብ አለ፤ አበል የማይከፈለው ተመራጭም ያገኘዋል። ለዚህ ከንቲባውን ማስፈቀድ አያስፈልግም።

ሥልጠናው ሲያልቅ የተከታተሉበትን ማስረጃ ሳይቀበሉ አይውጡ። ሥራ ሲመለሱ አሠሪዎ ሊጠይቅዎት ይችላል።